ውሃ የምታመላልስ እናት ማወቅ ያለባት፦ ስለ ማህፀን መውረድ
በልደታ ኮንዶሚኒየም ለከተማ ግብርና ሠልጣኞች የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ከችግኝ አዘገጃጀትና ከዶሮ መኖ ትምህርት መሃል የአዋላጅ ነርስ ንግግር ሲገባ ግር ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። የተጠራሁበት ምክንያት አጭር ነው። በትናንትናው ትምህርት ላይ "ለአትክልቱ ውሃ የሚያመላልሰው ማነው?" ተብሎ ሲጠየቅ እጃቸውን ያነሱት ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ነበሩ ብለው አሠልጣኞቹ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ በሥራዬ የማያቸው፣ ወገቤን አመመኝ ብለው መጥተው ሌላ ነገር ደብቀው የሚመለሱ እናቶች አሉ። የደበቁት ነገርና ያ ጀሪካን ዝምድና አላቸው።

የምነግራችሁ ስለ ማህፀን መውረድ ነው። አንዳንዱ የማህፀን መውጣት ይለዋል። ብዙዎቹ እናቶች ግን ስም አይሰጡትም፤ "ያ ነገር" ብለው ያልፉታል። ወንዶች፣ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ። የእናንተን ድርሻ ወደ መጨረሻው ላይ አነሳዋለሁ።

በጠፍር አልጋ ተኝቶ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አዲስ የተጠፈረ አልጋ ሲተኙበት ውጥር ብሎ ይሸከማል። ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይ ብዙ ሰው ሲቀመጥበትና ልጆች ሲዘሉበት፣ ጠፍሩ እየላላ መሃሉ ወደ መሬት ይወርዳል። የሴት ልጅም ዳሌ ከታች በኩል እንደዚያ በጡንቻና በጅማት የተጠፈረ ነው። በላዩ ላይ ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከመሃል ማህፀን፣ ከኋላ የሰገራ መውጫ አንጀት ተቀምጠዋል። ይህ የዳሌ ወለል ሲላላ ወይም በወሊድ ጊዜ ሲጎዳ፣ በላዩ ያለው አካል በብልት በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርደው ሁልጊዜ ማህፀን ብቻ አይደለም። ፊኛው ብቻውን ሊወርድ ይችላል፣ አንጀቱም እንዲሁ። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት እንኳ ይህ ሊገጥማት ይችላል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ደህና ነሽ፤ ቀኑን ቆመሽና ተሸክመሽ ስትውዪ አመሻሹ ላይ ከታች የመክበድና የመጎተት ስሜት ይመጣል። እንቁላል ላይ እንደተቀመጥሽ ይሰማሻል። ስትታጠቢ ከብልትሽ የሚወጣ ለስላሳ እብጠት በእጅሽ ትነኪያለሽ፤ ስትተኚ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ሽንት ጀምሮ ያቆማል፣ ወይም ሸንተሽ ጨርሰሽ ገና ያልጨረስሽ ይመስልሻል። አንዳንዷ ሽንት ወይም ሰገራ ለመውጣት እብጠቱን በጣቷ ወደ ውስጥ መግፋት ይኖርባታል። ወገብ ያማል፤ ከባል ጋር መገናኘት ያስቸግራል ወይም ያሳፍራል። ስታስነጥስና ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣትም አለች።

ይህ ከፊስቱላ የተለየ ሕመም ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል። ፊስቱላ በምጥ መራዘም ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል ወይም በአንጀትና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በማህፀን መውረድ ቀዳዳ የለም፤ ያለው መላላት ነው። ሁለቱም ይታከማሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በፊስቱላ ስሙ ቢታወቅም ማህፀን የወረደባቸውንም ሴቶች ያክማል።

አንዲት እናት ላንሳ። ስሟንም ብሎኳንም አልናገርም። አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የቧንቧው ውሃ ላይ ድረስ የሚደርሰው አንዳንድ ሌሊት ብቻ ስለነበረ ከታች በጀሪካን ታመላልሳለች። ለወገብ ሕመም ሁለት ጊዜ መጣች፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ሄደች። በሦስተኛው ወረቀቷን ይዛ ልትወጣ ስትል በሩን መልሳ ዘጋችና "እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለችኝ። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጨርቅ አጣጥፋ ደግፋ ነበር የምትውለው። ባሏ አያውቅም። እናቷም ሳትሰማ ሞታለች። ካንሰር ነው ብላ ለራሷ ደምድማ፣ ልጆቼ ትንሽ እስኪያድጉ ብቻ እያለች ስትጸልይ ኖራለች። ስንመረምራት ካንሰር አልነበረም። ስድስቱን ዓመት ሙሉ ፍርሃቱን የተሸከመችው በከንቱ ነበር።

እንደ እሷ ያሉ ምን ያህል ናቸው? በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሴቶቹ ሲጠየቁ ችግሩ እንዳለባቸው የተናገሩት ከ100 ውስጥ 6 ያህሉ ነበሩ። ከእነሱ መሃል 300 የሚጠጉት በባለሙያ ሲመረመሩ ግን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የሚታይ መውረድ ተገኘ። ይህ ማለት ግማሹ ሴት ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ የወረደ ነገር ኖሮ ምንም የማይሰማቸው ብዙ ናቸው። ቢሆንም በተናገሩትና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ ከፊሉም ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥናቱ ችግሩ በብዛት የታየባቸውን ሴቶች ሲገልጽ በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር የሚሸከሙትን፣ ምጥ የረዘመባቸውንና በደጋማው ገጠር የሚኖሩትን ጠቅሷል። ኋላም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነፃ ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ፣ ለዓመታት ደብቀው የኖሩ እናቶች ከየገጠሩ ወጥተው መጥተዋል።

መነሻው በአብዛኛው ወሊድ ነው። ልጅ በብዛት መውለድ፣ ምጥ መራዘም፣ የማህፀን በር በደንብ ሳይከፈት እንድታምጥ መገፋፋት፣ ትልቅ ልጅ፣ ሁሉም ጠፍሩን ይጎዱታል። ዕድሜ ሲገፋና የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ጅማቱ ይሳሳል። በቤተሰብም የሚወረስ የጅማት ድክመት አለ። በዚህ ላይ ሆድ ውስጥ ግፊት የሚጨምር ነገር ሁሉ ይታከላል፤ ሸክም፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት። ከእነዚህ ውስጥ እርግማን የለም፣ ቡዳ የለም፣ የሴቲቱ ኃጢአትም የለም። ከሴት ወደ ባል፣ ከባልም ወደ ሴት አይተላለፍም።

ስለ አራስነት አንድ ነገር ልበል። እናቶቻችን አራስን ቤት አስቀምጠው፣ ገንፎ አብልተው፣ ውሃም እንጨትም እንዳትነካ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የተወጠረና የተጎዳ ጡንቻ እስኪጠግን ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ወጉ እያለ ግን ሰዉ ጠፋ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እናቷ ክፍለ ሀገር ያለች፣ ባሏ ሥራ የሚውል ወጣት በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካን አንስታ ደረጃ ስትወጣ አይቻለሁ። ጎረቤት ለክርስትናው ድግስ ከሚያዋጣ ለስድስት ሳምንት ውሃ ተራ ቢገባላት ይሻል ነበር። ይህ የግል አስተያየቴ ነው፤ እድሮች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ግብርናችሁ ልምጣ። አሠልጣኞቻችሁን ጠይቄ አብረን አስልተነዋል። በብሎኮቹ መሃል 10 ካሬ ሜትር የጎመንና የቆስጣ መደብ ያላት ሴት በደረቁ ወቅት በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን፣ አንዳንዴም ሁለት ተኩል ነው። በሳምንት ሦስት ኩንታል ያህል ማለት ነው፤ የቤቱን ውሃ ሳንጨምር። አንዲት ሴት በሳምንት ሦስት ኩንታል ጤፍ በጀርባዋ አምጪ ብትባል ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። ውሃ ሲሆን ግን ማንም አይቆጥረውም።

አትክልቱን ተዉት አልልም። አትክልቱ ለዚሁ ሕመምም ይጠቅማል፣ እመለስበታለሁ። የምለው ሸክሙ ይቀንስ ነው። መጀመሪያ፣ ውሃው በሰው ሳይሆን በጎማ ይሂድ። ከብሎካችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ከመደቡ አጠገብ አንድ በርሜል ወይም ሮቶ በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቧንቧ ሲመጣ በጎማ ይሞላ፣ ሲጠጣም በጎማ ይውረድ። የክረምቱንም የጣሪያ ውሃ ይቀበላል። መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ ሸፍኑት፤ ፀሐይ የሚወስደው እርጥበት ይቀንሳል። አትክልትና እህል ያጠባችሁበትን ውሃ፣ ሳሙናና በረኪና እስካልነካው ድረስ፣ ለመደቡ አውሉት። ማጠጣቱ ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን።

በረንዳ ላይ በባልዲ የምትተክሉ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል። ከታች ሞልታችሁ አታውጡት። ባዶውን ባልዲ አስቀምጡና አፈሩን በትንሽ በትንሹ አምጥታችሁ እዚያው ሙሉት። የዶሮ መኖም 50 ኪሎ ገዝታችሁ አንዴ ደረጃ ላይ ከመታገል፣ ሱቁ ላይ በአምስት ቦታ አስከፍሉት። ጋሪ ካለ ጋሪ፣ ከሌለ ደግሞ ሁለት ሰው።

መሸከም ግድ ከሆነ፣ ጀሪካኑን ግማሽ ሙሉት፤ ወይም ባለ 5 ሊትር ሁለት ያዙና ግራና ቀኝ አመዛዝኑ። ከወገብ ጎንበስ ብላችሁ ሳይሆን ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ አንሱ። ከሁሉም በላይ ግን ስታነሱ ትንፋሽ አትያዙ። "እህ" ብሎ ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት ግፊቱን በሙሉ ወደ ታች ያወርደዋል። ከማንሳታችሁ በፊት ታችኛውን ጡንቻ ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጉ፣ እያነሳችሁ ትንፋሽ አስወጡ።

ታችኛው ጡንቻ የትኛው ነው? ሰው በተሰበሰበበት ድንገት ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል የምትይዢበት ነው። (ሳቁ፣ ግድ የለም፤ አሁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ማለት ነው።) ፈስንም ሽንትንም አብረሽ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስቢ። እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ እስከ አምስት አርፊ። አሥር ጊዜ ደጋግሚ። እየበረታሽ ስትሄጂ እስከ አሥር ቁጠሪ። መቀመጫሽንና ጭንሽን አታጥብቂ፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ። ሽንት እየሸናሽ አቋርጦ መለማመድ ግን ልማድ አይሁን፤ ፊኛን ያስቸግራል።

በቀን ሦስት ጊዜ መሠራት አለበት፤ የሚረሳው ደግሞ እሱ ነው። እኔ ለእናቶች የምነግራቸው ዘዴ አለኝ፦ ቡና ላይ አድርጉት። አቦል ሲቀዳ አንድ ዙር፣ ቶና ሲቀዳ አንድ ዙር፣ በረካ ላይ አንድ ዙር። ማንም አያይም። ቡና በማትጠጡበት ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ይሁን። በሳምንት ውጤት አትጠብቁ፤ ቢያንስ አራት ወር ሳይቋረጥ ይፈልጋል። መውረዱ ገና ጅምር ላይ ላለባት ሴት የመክበድ ስሜቱንና የሽንት ማምለጡን ይቀንሳል፤ ከብልት ውጪ የወጣውን ግን ብቻውን አይመልሰውም።

የሆድ ድርቀት ሌላው ጠላት ነው። ሰገራ ለመውጣት በየቀኑ የምታምጥ ሴት በየቀኑ ጠፍሩን እየረገጠች ነው። አትክልታችሁ እዚህ ላይ ይገባል፤ ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ካሮቱን ሁሉንም ለገበያ አታውጡት፣ ከቤትም ይበላ። ውሃም ጠጡ። ሽንት እንዳይመጣ ብለው ውሃ የሚቀንሱ አሉ፤ ድርቀቱን ያብሰዋል። የኮንዶሚኒየም መጸዳጃ እንደ ወንበር የሚቀመጡበት ስለሆነ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ በርጩማ አድርጉ፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል ሳያምጡ ይወጣል። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ተመርመሩ። በጭስ የምትጋግሩ ደግሞ መስኮቱን ክፈቱ።

ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ገብታችሁ "ወገቤን" አትበሉ፤ "ከታች የሚወርድ ነገር አለብኝ" በሉ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስድስት ዓመት ታሳጥራለች። ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለትም ትችላላችሁ። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተራችሁን ያዙ፤ ወደ ሆስፒታል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም የሪፈር ወረቀቱን ከዚያው ተቀበሉ። ለእናንተ ለልደታ ነዋሪዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

ከስፖርቱ በላይ ለሚያስፈልጋት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፔሳሪ የሚባል፣ ብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን ደግፎ የሚይዝ ለስላሳ ቀለበት ነው። ባለሙያ በልክሽ መርጦ ያስገባዋል፤ በየጥቂት ወሩ ወጥቶ ይታጠባል፣ ይመረመራል። በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፣ ጠይቁ። ቅድም ያነሳኋት እናት አሁን የምትጠቀመው ይህንን ነው፤ ጨርቁን ጥላለች። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው። የላላው ይጠገናል፤ አንዳንዴ ማህፀኑ ይወጣል፣ አንዳንዴ እዚያው እንዳለ ይሰቀላል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር አለባት። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሊመለስ ይችላል። ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም፤ ከዚያም በኋላ ወደ አሮጌው ጀሪካን የምትመለስ ከሆነ የተጠገነው ጠፍር እንደገና ይላላል።

በቤት ውስጥ ቅጠል፣ ጨው፣ ቅቤ ወይም የሞቀ ነገር ብልት ውስጥ ማስገባት ያቆስላል፤ እባካችሁ አታድርጉ። ፀበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ አልከለክልም፤ ሐኪም መታየቱን ግን አያስቀር።

ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ሽንት ፈጽሞ እምቢ ካለ፣ የወጣው አልመለስ ብሎ ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ካመመ፣ ቆስሎ ከደማ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ወይም የወር አበባዋ ቆሞ የነበረች ሴት ደም ካየች ነገ አትበሉ።

ወንዶች፣ አሁን የእናንተ ድርሻ። ሚስትህ አልጋ ላይ ስትሸሽህ ጠልታህ ላይሆን ይችላል፤ እያመማት ወይም እያፈረች ይሆናል። ተቆጥተህ ከጠየቅሃት አትነግርህም። "ምን ያምሻል?" ብለህ ጠይቅ፤ መልሱ በመጀመሪያው ቀን ካልመጣ በሌላ ቀን ጠይቅ። የዚያች እናት ባል ሲነገረው መጀመሪያ ያለው ቃል "ለምን አልነገርሽኝም?" ነበር። ሁለተኛ ቃል አልተናገረም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ጀሪካኑን ይዞ ወርዷል፣ እስከ ዛሬም የሚያወጣው እሱ ነው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት ይባላል። አሁን ግን በዚያ ደረጃ ውሃ የሚያወጡ ወንዶች ሦስት ሆነዋል።

ከሰዓት በኋላ የሚታደለው ብስባሽ በጆንያ ተሞልቶ ከጋራ መጠቀሚያው ህንጻ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንዱ ጆንያ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ አሠልጣኞቹ ባዶ ከረጢትና አንድ የእጅ ጋሪ አዘጋጅተዋል፣ እየከፈላችሁ ውሰዱ። አራስ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ድርሻዋን ሰው ያምጣላት፣ ስሟን ለብሎክ ተወካይዋ ታስመዝግብ። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት በህንጻው የኋላ ክፍል እቆያለሁ። በሩ ከውስጥ ይዘጋል፤ አንድ በአንድ ግቡ።